አዮዲን አይስማማቸውም የተባሉ እናት የእግራቸው ደም ስር በምን ይታይ?

ጥያቄው የመጣው ከሀዋሳ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ትላለች፦ «እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ስኳር ከያዛት ቆይቷል። ግራ እግሯ አውራ ጣት ላይ የወጣው ቁስል ሁለት ወር አልፎታል፣ አልድን ብሏል። ሐኪሙ ወደ እግሯ የሚወርደው ደም ቀንሶ ሊሆን ይችላል ብሎ ሲቲ አንጂዮግራፊ የሚባለውን የደም ስር ሲቲ ስካን አዘዘላት። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ለሆዷ ሲቲ ስካን ስትነሳ የተሰጣት መድኃኒት አልተስማማትም ነበር። ሰውነቷ በሽፍታ ተሞላ፣ ከንፈሯ አበጠ። ካርዷ ላይ የአዮዲን አለርጂ ተብሎ ተጻፈ። ከዚያ ወዲህ ዓሣ አትበላም፣ አዮዲን ያለው ጨውም ትታለች። አሁን የሲቲ ክፍሉ ካርዱን አይቶ አናነሳትም አለ። ያለዚያ መድኃኒት ደም ስር የሚታይበት መንገድ የለም ወይ?»

አለ እህቴ። ያውም ከአንድ በላይ። ያ መድኃኒት ራሱም ለእናትሽ ጨርሶ የተከለከለ ላይሆን ይችላል። እኔ የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ። እናትሽን ሳላያቸው ይህን አድርጉ፣ ያን ተዉ ልልሽ አልችልም። ግን ሐኪማቸው ፊት ስትቀርቢ ምን ብለሽ እንደምትጠይቂ እንድታውቂ የሚበቃሽን ያህል ልንገርሽ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዢ፦ ካርዱ ላይ በተጻፈው ምክንያት ምርመራው ቀርቶ ቁስሉ እንዲሁ እየታሸገ መክረም የለበትም። የስኳር ታማሚ እግር ደም ካላገኘ ቁስሉ አይድንም። በእናትሽ ጉዳይ ከአለርጂው ይበልጥ እኔን የሚያስፈራኝ መዘግየቱ ነው።

ከአዮዲኑ ልጀምር። አዮዲን ለሰው ሁሉ የግድ የሚያስፈልግ ንጥረ ነገር ነው። አንገታችን ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው። ሲያንስ እንቅርት ይመጣል። በእርግዝና ጊዜ ሲያንስ ደግሞ የፅንሱ አእምሮ ይጎዳል። የገበታ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በአገራችን በደንብ የተወሰነውም ለዚህ ነው። እናትሽ ላይ ሽፍታውን ያመጣው አዮዲኑ አይደለም። አዮዲኑን የተሸከመው ትልቁ ሞለኪውል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤክስሬይ ደምንና ሥጋን ለይቶ አያሳይም። ምስሉ ላይ ሁለቱም ግራጫ ናቸው። አዮዲን ግን ከባድ አተም ስለሆነ ጨረሩን ያስቀራል። ስለዚህ ሦስት የአዮዲን አተሞች በአንድ የካርቦን ቀለበት ላይ ይታሰራሉ። ዙሪያውን ደግሞ ውኃ ውስጥ በደንብ እንዲሟሟና ሰውነትን እንዳይጎዳ የሚያደርጉ ቅጥያዎች ይጨመሩበታል። እኛ ኮንትራስት የምንለው ይህን ነው። ደም ስር ውስጥ ሲገባ ደም ስሩ ምስሉ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል። አንዳንድ ሰው ላይ ሰውነት የሚቆጣው በዚህ ሙሉ ውሁድ እንጂ በአዮዲኑ አይደለም።

ስለዚህ እናትሽ ዓሣቸውን ይብሉ። ሀዋሳ ተቀምጦ፣ የዓሣ ገበያው አሞራ ገደል አፍንጫ ስር እያለ፣ ያለ በቂ ምክንያት ሦስት ዓመት ዓሣ መተው ያሳዝናል። ለስኳር ታማሚም ጥሩ ምግብ ነው። የዓሣ አለርጂ ያለበት ሰው የሚቆጣው በዓሣው ፕሮቲን ነው። የሽሪምፕና የሸርጣን አለርጂም ትሮፖማዮሲን ከሚባል ፕሮቲን ጋር የተያያዘ ነው። ከሲቲው መድኃኒት ጋር አይገናኙም። የሐይቁ ቆሮሶና አምባዛ እንደውም ከባሕር ዓሣ ጋር ሲተያዩ አዮዲናቸው ትንሽ ነው። ጨውንም ቢሆን ለደም ግፊት ብለው ይቀንሱት እንጂ አዮዲን አለበት ብለው አይሽሹት። ቁስል የሚታጠብበት ቡናማው ፖቪዶን አዮዲን ቆዳውን ያሳከከው ሰውም በዚያ ብቻ ከሲቲ አይከለከልም። የታይሮይድ ሕመም ያለበት ሰው ግን ይንገረን። እሱ ሌላ ጥንቃቄ ነው፣ ከአለርጂ ጋር አይቀላቀልም።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ያኔ ምን ነበር የሆኑት? ኮንትራስት ሲገባ ብዙ ሰው ሰውነቱን ሙቀት ይወረዋል። አፉ ውስጥ የብረት ጣዕም ይመጣል። ሽንት ያመለጠው ይመስለዋል። አንዳንዱን ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋልም። ይህ አለርጂ አይደለም። በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። እንዲህ ሆኖ ሳለ አለርጂ ተብሎ ካርድ ላይ የሚጻፍበት ጊዜ አለ። ያ ጽሑፍ ከሰውየው ጋር ዕድሜውን ሁሉ ይዞራል።

የእናትሽ ግን እንዳልሽው ከሆነ እውነተኛ አለርጂ ይመስላል። ሽፍታውና የከንፈር እብጠቱ የዚያ ምልክት ናቸው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ምን ያህል ከባድ ነበር የሚለው ነው። ሽፍታና ማሳከክ ብቻ ከሆነ ቀላል ነው። ፊት ካበጠ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ ደረት ሲር ሲር ካለ ከፍ ይላል። የደም ግፊት ከወረደ፣ ራስን ካሳተ፣ ጉሮሮ ከተዘጋ ደግሞ ሕይወትን የሚያሰጋ ነው። ሰዓቱም ይጠየቃል። በአንድ ሰዓት ውስጥ የመጣው ፈጣን የሚባለው ነው። በማግስቱ ወይም ከቀናት በኋላ የሚወጣ ሽፍታም አለ። እሱ በሌላ የሰውነት መከላከያ መንገድ የሚመጣ ስለሆነ መከላከያውም ይለያል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራሽ ያንን የሲቲ ወረቀት መፈለግ ነው። ቤት ከሌለ የተነሱበት ቦታ ሄደሽ መዝገባቸውን ጠይቂ። የምንፈልገው የመድኃኒቱን ስም ነው። አዮሄክሶል ነበር? አዮፕሮማይድ? አዮፓሚዶል? ብልቃጡ ላይ ኦምኒፓክ ወይም አልትራቪስት የሚል የንግድ ስም ሊሆን ይችላል፣ እሱም ይበቃናል። ካርዳቸው ላይ ከአዮዲን አለርጂ ይልቅ እንዲህ ቢጻፍ ኖሮ ዛሬ ማንም አይመልሳቸውም ነበር፦ «አዮሄክሶል በደም ስር ተሰጥቷቸው በ10 ደቂቃ ውስጥ ደረታቸውና አንገታቸው ላይ ሽፍታ ወጣ፤ ከንፈራቸው አበጠ፤ ትንፋሻቸው ደህና ነበር፤ የደም ግፊታቸው አልወረደም፤ የአለርጂ መርፌ ተሰጥቷቸው በሁለት ሰዓት ውስጥ ቀለላቸው።» ይህን ያነበበ ባለሙያ ምን መለወጥ እንዳለበት፣ ምን አጠገቡ ማስቀመጥ እንዳለበት ያውቃል። የአዮዲን አለርጂ የሚለውን ያነበበ ግን የሚያውቀው መፍራት ብቻ ነው። አንቺም ሆንሽ እናትሽ የምታስታውሱትን ዛሬውኑ ወረቀት ላይ አስፍሩት።

ፍርሃቱ ከየት መጣ ብትይ ታሪክ አለው። ድሮ የነበሩት ኮንትራስቶች ክምችታቸው ከደም ብዙ እጥፍ የበለጠ፣ ውኃን ከሴሎች የሚስቡ ጨዎች ነበሩ። ያማሉ፣ ያቃጥላሉ፣ አለርጂም በብዛት ያመጡ ነበር። ቶርስተን አልሜን የሚባል የስዊድን ሐኪም በ1960ዎቹ ይህን ለመቀየር ተነሳ። ባሕር ውስጥ ዓይን ተገልጦ ሲዋኝ፣ ጨው የበዛበት ውኃ ይቆጠቁጣል፣ ጨዉ ያነሰው ግን አይቆጠቁጥም። አልሜን ይህን ከራሱ ዓይን አስተውሎ የኮንትራስቱም ክምችት ወደ ደም ክምችት ቢጠጋ ሕመሙ ይቀንሳል ብሎ አሰበ። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ከዚያ ሐሳብ የተወለዱ ናቸው። ጃፓን ውስጥ ከ330,000 በላይ በሆኑ ምርመራዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ ትልቅ ጥናት ልዩነቱን በግልጽ አሳይቷል። በድሮዎቹ ከ100 ሰው ወደ 13ቱ አንድ ዓይነት ያልተፈለገ ስሜት ወይም ምልክት ይታይበት ነበር። በአዲሶቹ ወደ 3 ወረደ። ከባድ የሚባለው ደግሞ ከ10,000 ከ22 ወደ 4 ወርዷል።

እነዚህ ቁጥሮች ለሰው ሁሉ ናቸው። አንድ ጊዜ በኮንትራስት የተቆጣ ሰው እንደገና የመቆጣት ዕድሉ ከሌላው ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። ስለዚህ የእናትሽ ካርድ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ዋጋ አለው። ግን አስቡበት፣ ተጠንቀቁ ይላል እንጂ ምርመራ የለም አይልም። መጠኑን ቀንሰን ብንሰጣቸውስ የሚል ካለም አይሆንም። ለአለርጂ ትንሽም ይበቃል።

አሁን መንገዶቹን ልንገርሽ። የመጀመሪያው መርፌ የሌለው ነው፣ ዶፕለር አልትራሳውንድ። እኔ ብሆን የምጀምረው ከዚህ ነው። የኮንትራስት አለርጂ ባይኖርም ኖሮ ከዚህ እጀምር ነበር።

እናትሽ በጀርባቸው ይተኛሉ። ጄል ይቀባል። መሣሪያው ከብሽሽት ይጀምርና በጭኑ ውስጠኛ ጎን ይወርዳል፣ ከጉልበት ጀርባ ያልፍና እስከ ቁርጭምጭሚትና እግር ጀርባ ይደርሳል። ስክሪኑ ላይ ደሙ በቀይና በሰማያዊ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ድምፁንም ይሰሙታል። ጤነኛ የእግር ደም ቅዳ ድምፁ ፈጣንና የተቆራረጠ ነው፦ ወደፊት ይፈሳል፣ ለቅጽበት ወደኋላ ይመለሳል፣ ደግሞ ትንሽ ወደፊት ይላል። ከላይ በኩል ጠበብ ያለ ነገር ካለ ግን ከስር ያለው ድምፅ ይደክማል፣ ይጎተታል፣ የኋላ መመለሱ ይጠፋል። ባለሙያ ይህን ሲሰማ ገና ምስሉን ሳያይ ችግሩ ከላይ ነው ይላል።

የጠበበው ቦታ ላይ ሲደርስ ደሙ ይፈጥናል። የውኃ ጎማ ጫፉን በአውራ ጣት ስትይዢው ውኃው እንደሚወረወረው ማለት ነው። ያንን ፍጥነት እንለካለን። ጠባቡ ቦታ ላይ ያለው ፍጥነት ከበላዩ ካለው ሁለት እጥፍ ከሆነ ደም ስሩ ከግማሽ በላይ ጠቧል ብለን እንጽፋለን። አዮዲን የለበትም። ጨረር የለበትም። ኩላሊት አይነካም። ካስፈለገ በሳምንቱ ሊደገም ይችላል። ዋጋውም ከሲቲ አንጂዮግራፊ ይቀንሳል።

ከዶፕለሩ ጋር የግፊት ልኬት ጠይቂ። የቁርጭምጭሚት ግፊት ለክንድ ግፊት ይካፈላል። ውጤቱ ከ0.9 በታች ከሆነ ወደ እግር የሚወርደው ደም ቀንሷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ግን ለስኳር ታማሚ አንድ ወጥመድ አለ። ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ከጉልበት በታች ያሉት ደም ቅዳዎች ግድግዳቸው በካልሲየም ይደርቃል። የግፊት መለኪያው ሊጨብጣቸው አይችልም። ቁጥሩ 1.4 ወይም ከዚያ በላይ ይወጣና ሁሉ ደህና ያስመስላል። ስለዚህ የእናትሽ ውጤት ከፍ ብሎ ከወጣ ደስ አይበላችሁ። ያኔ የአውራ ጣት ግፊት ይለካ። እሱ ከ30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ከሆነ ቁስሉ በራሱ የመዳን ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ምስሉም ደሙን የመመለሱ ሥራም ሳይውል ሳያድር መሠራት አለበት።

ዶፕለርም ድክመት አለው። የሚሠራው ሰው እጅ ይወስነዋል። ጥድፊያ አይወድም፣ ሁለት እግር በደንብ ለማየት ጊዜ ይፈልጋል። ሆድ ውስጥ ያሉትን ደም ስሮች አንጀት ውስጥ ያለ አየር ይጋርዳቸዋል። የካልሲየሙ ጥላም ያስቸግራል። ግን ልብ በይ፣ ካልሲየም ሲቲ አንጂዮግራፊንም ያስቸግራል። ካልሲየምም ነጭ፣ ኮንትራስትም ነጭ ነው። ከጉልበት በታች ባሉት ቀጫጭን ደም ስሮች ላይ ሁለቱን መለየት ይከብዳል። ስለዚህ ሲቲው ስለቀረ ምርጡ ነገር አመለጠን ብላችሁ አትዘኑ። ለእናትሽ ዓይነት ታማሚ ሲቲ ሁልጊዜ ምርጡ አይደለም።

ሁለተኛው ኤምአርአይ ነው። ኤምአርአይ ደም ስርን ያለ ምንም መርፌ ማሳየት ይችላል። ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ የሬዲዮ ሞገድ ሲልክ ቆሞ ያለው ሥጋ ምልክቱ ይደክማል፣ አዲስ እየፈሰሰ የሚገባው ደም ግን ደምቆ ይወጣል። ለአንጎል ደም ስሮች ይህ ዘዴ ድሮም የተለመደ ነው። ለእግርም በልብ ምት እየተመራ ደም ስሩን ቁርጥ በቁርጥ የሚያነሳ ዘዴ አለ። ካልሲየም አይጋርደውም፣ ይህ ለስኳር ታማሚ ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ ማሽን ያለበት ቦታ ሁሉ የእግር ደም ስር ፕሮግራም አይኖርም። ከመሄዳችሁ በፊት በስልክ «ያለ መድኃኒት የእግር ደም ስር ታነሳላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መርፌ ያለው ኤምአርአይም አለ። እሱ ላይ የሚሰጠው ጋዶሊኒየም የሚባል ነው። አዮዲን የለውም፣ ሞለኪውሉም ሌላ ነው። በሲቲ መድኃኒት የተቆጣ ሰው በዚህም ይቆጣል ማለት አይደለም። አለርጂ የሚያመጣውም እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ግን የኩላሊታቸው አቅም መታወቅ አለበት። የኩላሊቱ የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ30 ሚሊ ሊትር በታች የወረደ ሰው የድሮዎቹን ዓይነቶች ከወሰደ ቆዳና መገጣጠሚያን የሚያደድር ከባድ ሕመም ሊመጣበት ይችላል። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አዲሶቹ ዓይነቶች ላይ አደጋው በጣም ትንሽ ሆኗል። ደግሞም የልብ ምት ማስተካከያ ወይም ሌላ ብረት ሰውነታቸው ውስጥ ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ሦስተኛው ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቀው ነው፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። አዎ፣ የምናስወጣው ትንፋሽ ውስጥ ያለው ጋዝ። በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ ደም ቅዳው ውስጥ ይገባል። ንጹሕ ጋዙ በዚያ ይለቀቃል። ጋዙ ደሙን ለቅጽበት ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። ጨረሩ ጋዙን በቀላሉ ያልፈዋል። ኮምፒውተሩ ቀድሞ ካነሳው ምስል ጋር ያቀናንስና ደም ስሩን ለይቶ ያወጣዋል። ጋዙ ደም ውስጥ ከኦክስጅን ወደ 20 እጥፍ ይሟሟል። ሳንባ ሲደርስ በትንፋሽ ይወጣል። አለርጂ የለውም፣ ኩላሊትም አይነካም።

አነሳሱም አስገራሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ፍሎሪዳ ውስጥ ኢርቪን ሆኪንስ የተባለ ሐኪም ለሆድ ደም ቅዳ ምርመራ ኮንትራስት ያስገባ መስሎት ተራ አየር አስገባ። ታማሚው ምንም አልሆነም፣ ምስሉም ላይ ደም ስሮቹ ታዩ። አየር ደም ውስጥ ቶሎ ስለማይሟሟ አደገኛ ነው። ሆኪንስ ግን ቶሎ የሚሟሟውን ጋዝ ይዞ ዘዴውን ለዓመታት አሻሻለው።

ይህ መንገድ ወሰን አለው፣ ወሰኑም ጥብቅ ነው። ከድያፍራም በላይ ባሉ ደም ቅዳዎች፣ ማለትም በልብና በአንጎል በኩል፣ አይሰጥም። ጋዙ አንጎል ከደረሰ ይጎዳል። ለእግር ግን ተስማሚ ነው። ጋዝ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ እግሩን ትንሽ ከፍ አድርገን ነው የምናነሳው። አንዳንድ ሰው እግሩን ያመዋል። ከጉልበት በታች ምስሉ ይደክማል። ጋዙ ከአየር ጋር እንዳይቀላቀል የተዘጋ መስመርና የለመደ እጅ ይፈልጋል። ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ቱቦው ገብቷልና የጠበበውን ቦታ እዚያው በፊኛ መክፈት ይቻላል። ማየትና ማከም በአንድ ቀን ያልቃል። ይህን የሚሠራ ማዕከል ሁሉም ቦታ አይገኝም። ስለዚህ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ አዲስ አበባ ከመሄዳችሁ በፊት ሪፈር የሚጽፍላችሁ ሐኪም ስልክ ደውሎ ያረጋግጥ።

እነዚህ ሁሉ ካልበቁና ሲቲው የግድ ከሆነስ? ያኔም መንገድ አለ። አሁን የበለጠ የሚታመንበት የመጀመሪያው እርምጃ መድኃኒቱን መቀየር ነው። ያኔ የወሰዱት ስሙ ያስፈለገን ለዚህ ነው። አዮሄክሶል ከነበረ አዮዲክሳኖልን መስጠት ብዙም መቀየር አይደለም። አዮዲክሳኖል ሁለት አዮሄክሶል መሰል ቀለበቶች የተያያዙበት ስለሆነ በጣም ይቀራረባሉ። ቅጥያው የተለየውን መምረጥ ይሻላል።

ሁለተኛው ቀድሞ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። በሰፊው የሚታወቀው ፕሬድኒሶሎን ከምርመራው 13፣ 7 እና 1 ሰዓት በፊት፣ ከዚያም የአለርጂ መድኃኒት ከ1 ሰዓት በፊት ነው። ምርመራው ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ የመጀመሪያው ማታ 2 ሰዓት፣ ሁለተኛው ሌሊት 8 ሰዓት፣ ሦስተኛው ጠዋት 2 ሰዓት ይዋጣል። የሌሊቱን የሚዘነጋው ብዙ ነው። ይህን የነገርኩሽ እንድታውቂው ነው፣ ከፋርማሲ ገዝተሽ እንድትሰጪያቸው አይደለም። እናትሽ ስኳር አለባቸው። ፕሬድኒሶሎን ስኳራቸውን ለአንድ ሁለት ቀን ወደ ላይ ይሰቅለዋል፣ የኢንሱሊኑ ወይም የክኒኑ መጠን በሐኪም መታየት አለበት። ደግሞ ይህ መድኃኒት ሽፍታን ይቀንሳል እንጂ ከባዱን አደጋ እንደሚያስቀር ማስረጃው ደካማ ነው። ቀላል አለርጂ ለነበረው ሰው መድኃኒቱን መቀየር ብቻ ይበቃል የሚሉ ባለሙያዎች እየበዙ የመጡትም ለዚህ ነው። ያኔ ትንፋሽ ወይም የደም ግፊት ተነክቶ ከነበረ ግን ኮንትራስቱን መተውና ሌላውን መንገድ መያዝ ይሻላል።

ሦስተኛው ቦታው ነው። እኔ ከሁሉም አጥብቄ የምይዘው ይህን ነው። ከባድ አለርጂን የሚመልሰው መርፌ፣ አድሬናሊን፣ አጠገብ ይኑር። ቁም ሳጥን ተቆልፎበት ሳይሆን እዚያው ክፍል ውስጥ። ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም ጭን ጎን ላይ የሚወጋ ነው። ኦክስጅን ይኑር። የሚያውቀው ሰው ይኑር። ከምርመራው በኋላ እናትሽ መድኃኒቱ የተሰጠበት የደም ስር ቱቦ (ካኑላው) ሳይነቀል ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቀመጡ። ከባዱ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። «ይህ ሁሉ አላችሁ ወይ?» ብለሽ ለመጠየቅ አትፈሪ።

«ትንሽ ጠብታ ቀድመው ይሞክሩላት» የሚል ሰው ይመጣል። እንደ ፔኒሲሊን ምርመራ ይመስላቸዋል። አያስተማምንም። ጠብታውን ያለፈ ሰው በሙሉው ሊቆጣ ይችላል፣ ጠብታው ራሱም አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል። በአለርጂ ሐኪም የሚሠራ ትክክለኛ የቆዳ ምርመራ ሌላ ነገር ነው። የተለያዩ ኮንትራስቶችን ቆዳ ላይ እየሞከረ የትኛው እንደማይስማማ ይለያል። የሚገኝበት ቦታ ግን ጥቂት ነው። አለርጂው ከተከሰተ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲሠራም የተሻለ ይታመናል።

የኩላሊት ነገርም ተያይዞ ይነሳል። ከሲቲው በፊት የክሪያቲኒን ምርመራ ይሠራ። ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ንገሩ። የኩላሊታቸው አቅም ከ30 በታች ከሆነ መድኃኒቱ ለጊዜው ይቆማል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ አቴኖሎል ዓይነት መድኃኒት ካላቸውም ተናገሩ። አለርጂ ከመጣ አድሬናሊኑ እንዳይሠራ ያዳክመዋል። በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።

እንግዲህ ባንቺ ቦታ ብሆን በዚህ ሳምንት የድሮውን ወረቀት እፈልጋለሁ። ዶፕለርና የጣት ግፊት አሠራለሁ። ውጤቱን ይዤ ወደ ሐኪማቸው እመለስና «ይህ ለውሳኔ ይበቃዎታል ወይስ ተጨማሪ ምስል ይፈልጋሉ?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ ዶፕለሩ የት እንደጠበበ አሳይቶ ቀጣዩን መንገድ ይመርጣል። ካልበቃ ያለ መድኃኒት ኤምአርአይ፣ ወይም ደም ስሩ በፊኛ የሚከፈት ከመሰለ በቀጥታ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ። አለርጂው ቀላል ከነበረና ሌላው ከራቀ ደግሞ በተቀየረ ኮንትራስት ሲቲው። ምስሉ እስኪመጣ ቁስሉ መታየቱ፣ ስኳሩ መስተካከሉ፣ በባዶ እግር አለመሄዱ ይቀጥል።

አንድ ሁኔታ ግን ከዚህ ሁሉ ውጪ ነው። እግራቸው በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ሕመሙ ከጠና፣ ጣቶቻቸውን ማንቀሳቀስ ወይም መዳሰሳቸው ከጠፋ ቀጠሮ አትጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ደም ጨርሶ የተቋረጠበት እግር የሚተርፈው በሰዓታት ውስጥ ሲደረስለት ነው፣ ስድስት ሰዓት ካለፈ ጉዳቱ እየበረታ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ 13 ሰዓት የሚፈጅ ቅድመ መድኃኒት አይጠበቅም። ካርዱን አሳዩ፣ የሆኑትን ተናገሩ፣ ሐኪሙ አድሬናሊኑን አጠገቡ አድርጎ በዚያው ሰዓት ይወስናል።